ጋሽ ፕራዮንግ ያልሰጠው ቃለ ምልልስ

ጋሽ ፕራዮንግ በሞተ በሦስተኛው ቀን ልጁ ዳራኒ ከባንኮክ መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆመችና «መምህርት፣ መጽሐፉ ይቅር» አለችኝ። ጫማዋን እንኳ አውልቃ አልገባችም። እኔ ያን ሰዓት ሽፋኑ ላይ የሚወጣውን ፎቶግራፍ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱን አስቀመጥኩና አየኋት።

«አባትሽ ራሱ ያዘዘው መጽሐፍ ይቅር ነው የምትይኝ?»

«አይቆጡኝ። ዛሬ ማን ያነባል ብዬ ነው። ሰው ይወስድና መሳቢያ ውስጥ ነው የሚከተው። እኔ በድምፅ አሠርቼዋለሁ፤ ፖድካስት።»

መሳቢያ ውስጥ መክተቱ እንኳ እውነቷን ነው። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እኛ ዘንድ ሰው ሞቶ አስከሬኑ ሲቃጠል ለቀስተኛ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የሟቹን ታሪክ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ይሰጠዋል። የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ ምን ሠራ፣ ለቤተ መቅደሱ ምን አበረከተ። የመጨረሻዋ ገጽ ሁልጊዜ አንድ ናት፤ «አውቄም ሆነ ሳላውቅ፣ በሥራም በቃልም በሐሳብም የበደልኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ» ትላለች። እኔ ማስተማሩን ትቼ እዚህ ፔቻቡሪ ከገበያው ጀርባ እነዚህን መጻሕፍት መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰካራም ጽፌ አላውቅም። ሰካራሙን «ጨዋታ ወዳድ» እለዋለሁ። ሚስቱን የሚደበድበውን «ቤቱን በጠንካራ እጅ የመራ» ብዬ አሳልፌዋለሁ። ሚስቱም አንብባ አመስግናኛለች። ይህን ማንም ውሸት አይለውም፤ ወግ ነው።

ከጋሽ ፕራዮንግ ጋር ግን እንደዚያ በቀላሉ አልሄደልኝም። ከመሞቱ ከአራት ወር በፊት ሳንባው እንደማይድን ሲነገረው ራሱ አስጠርቶኝ፣ ቤቱ በረንዳ ላይ አራት ጠዋት አብሬው ተቀምጫለሁ። ዕድሜ ልኩን የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፤ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ ይዞ ባቡር የሚያሳልፍ። ብዙ አያወራም። አንድ ጥያቄ ትጠይቂዋለሽ፣ ወደ ሐዲዱ አቅጣጫ ያያል፣ ይስላል፣ ከዚያ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይልሻል። በሁለተኛው ቀን ብዕሬን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

ከተማው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እኔም እሱን ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት እናታቸው ሰኞ ንጋት ላይ ሞቱ። ታላቅ እህቱ ቻሉዋይ የጎማ ዛፍ የሚያለማ ሰው አግብታ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሱራት ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር፤ በዘጠኙ ዓመት አንድም ቀን አልመጣችም። ያን ሳምንት ደቡቡን ጎርፍ አጥለቅልቆታል። ተደውሎላት «እመጣለሁ» አለች። ማክሰኞ አልደረሰችም፣ ረቡዕም አልደረሰችም። ዓርብ ቀን እኛ ሰው አናቃጥልም። ፕራዮንግ ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ የእናቱን እሳት ለኮሰ። ቻሉዋይ ዓርብ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ስትደርስ ወንድሟ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ አጥንት እየለቀመ ነበር።

ያኔ ያለችውን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል። «ፊቷን እንዳላይ አደረግኸኝ። ሁለት ቀን መጠበቅ አቃተህ? አንተ ስትሞት እኔ አበባ አላስቀምጥልህም» ነው ያለችው፤ መነኮሳቱ ፊት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሬሳው ከመቃጠሉ በፊት ሁላችንም ደረጃውን ወጥተን ከሰንደል እንጨት የተሠራ ትንሽ አበባ ሳጥኑ ሥር እናስቀምጣለን። ስናስቀምጥ በልባችን «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» እንላለን። ጠላትም ቢሆን ያስቀምጣል። ይቅር ሳይባባሉ እሳት ከለያቸው ቂሙ ወደሚቀጥለው ሕይወት አብሮ ይሻገራል። ቻሉዋይ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሟን አናግራው አታውቅም። እሱም አንድ ቃል አልመለሰላትም፤ ከተማውም «ጨካኝ» አለውና ቀረ።

«ጋሽ ፕራዮንግ፣ ለእትዬ ቻሉዋይ የምትለው ነገር የለህም? መጨረሻ ገጹ ላይ ስሟን ላስገባ?» አልኩት በመጀመሪያው ጠዋት።

«የለኝም።»

በሁለተኛውም ጠዋት ጠየቅሁት፤ የለኝም አለ። በሦስተኛው ጠዋት ስጠይቀው ግን ረጅም ጊዜ ስሎ ሲያበቃ «ብዕሩን አስቀምጪ» አለኝ። አስቀመጥኩ።

«የተቆረጠው የመኪናው መንገድ ነው። ሐዲዱ ደህና ነበር። ማክሰኞ ማታ በጣቢያው ስልክ ወደ እሷ ጣቢያ ደወልኩ። ኃላፊው ያውቃታል። ‹እህትህ ከጠዋት ጀምራ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ባቡር መጥቶ አለፈ፣ አልተሳፈረችም። አሁን ትኬቷን መልሳ ሄደች› አለኝ። ረቡዕም መጣች። ተቀመጠች፣ ሄደች። እኔ እዚህ ባንዲራዬን ይዤ ከደቡብ የሚገባውን ባቡር በር በሩን አይ ነበር። ሐሙስ የቀኑም ባቡር ገባ፣ አልወረደችም። ከዚያ ሄጄ እሳቱን ለኮስኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ሰው ሁሉ አንተን ሲወቅስ?» አልኩት።

«ምን ብዬ ነው የምናገረው? እናትሽን ማየት አልፈለግሽም ብዬ በሰው ፊት? እህቴ እኮ ናት።» ወደ ሐዲዱ አየና «አልበደልኳትምና ይቅር በይኝ ብላት ውሸት ነው። እውነቱን ብናገር እሷን ማዋረድ ነው። ዝም ማለት ይሻላል። ይሄ መጽሐፉ ላይ አይገባም፤ ማዪልኝ» አለኝ።

ማልኩለት። መጽሐፉ ላይ «በጎርፉ ምክንያት ታላቅ እህቱ በሰዓቱ ለመድረስ አልቻለችም» የምትል አንዲት መስመር ጻፍኩ። የማቃጠያ መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ረቂቁንም እንድታርመው ለዳራኒ ላክሁላት።

እንግዲህ ዳራኒ ፖድካስት የምትለውን ነገር ያሠራችው በዚህ ረቂቅ ነው። ረቂቁን፣ አባቷ በስልክ የላከላትን የድምፅ መልእክቶችና ጥቂት ፎቶግራፎች አንድ መተግበሪያ ውስጥ አስገብታ አንድ ቁልፍ ተጫነች። አንድ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ የሃያ ሁለት ደቂቃ ቃለ ምልልስ ሆኖ ወጣ። ጠያቂዋ ሰው አይደለችም፤ መላሹም ሰው አይደለም። ጥያቄውም፣ መልሱም፣ መሐል ላይ ያለው ሳቅም፣ ጠያቂዋ ከመጠየቋ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ጭምር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያበጀው ነው። «ታሪኩ በሚነበብበት ሰዓት በቤተ መቅደሱ ድምፅ ማጉያ እናሰማዋለን» አለች ዳራኒ፣ አሁን ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጠች።

ሰማሁት። ድምፁ የእሱ ነው። ፀጉሬ ቆመ። ሳሉ ብቻ ተቆርጦ ወጥቷል። ሌላው ሁሉ ግን እሱን አይመስልም። ናፓ ነኝ የምትል ጠያቂ «የባቡር ሕይወት ምን አስተማረዎት?» ትለዋለች፣ እሱም ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ጉዞ፣ ሕይወት ሐዲድ ስለመሆኗ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ያወራል። ጋሽ ፕራዮንግ ሰባት ደቂቃ! ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ እተወው ነበር።

ወደ መጨረሻው ናፓ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ ሊጠይቁት የሚፈልጉት ሰው አለ?» አለችው።

«አለ፤ ውድ እህቴ ቻሉዋይ» አለ የእሱ ድምፅ። «አንቺን ጎርፉ ይዞሽ ነበር። እኔ መጠበቅ ነበረብኝ። እናታችንን እንዳትሰናበቺ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። በየዓመቱ ያን ሐሙስ እያሰብኩ አልቅሻለሁ። ከቻልሽ ይቅር በይኝ።»

ዳራኒ ስልኩን አጠፋችና ዓይኗን ጠረገች። «እኔ ይህን በል ብዬ አላዘዝኩትም» አለችኝ። «ከመጫኔ በፊት በአባዬ ፎቶ ፊት አንድ ዕጣን ለኮስኩና ‹አባዬ፣ በልብህ የቀረ ካለ በዚህ ተናገር› አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። እርስዎ አልጻፉት፣ እኔ አልጻፍኩት። ታዲያ ከየት መጣ?»

እኛ ለሙታን ሳንነግር የምናደርገው ነገር የለም፤ ቤት ስንሸጥ እንነግራቸዋለን፣ ልጅ ስንድር እንነግራቸዋለን። ዳራኒ ባንኮክ ውስጥ ፎቅ ላይ የምትሠራ የተማረች ልጅ ናት። ግን አንድ ዕጣን ለኩሳ ጠየቀች፣ ወዲያው በአባቷ ድምፅ መልስ መጣላት። በእሷ ቦታ ብሆን እኔስ ምን አስብ ነበር?

ከየት እንደመጣ ግን አውቄዋለሁ። ይህ ነገር ያነበበው እኔና መሰሎቼ የጻፍናቸውን መጻሕፍት ነው። በእኛ መጻሕፍት ሟች ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። በደሉን ደግሞ እኔው በአንዲት መስመር አቀብዬዋለሁ፤ ጎርፍ ብዬ፣ አልደረሰችም ብዬ። የቀረውን እንደ ወጉ አሳምሮ ሞላው።

«የመጣው ከመጽሐፍ ነው፣ ዳራኒ» አልኳት። «አባትሽ አይደለም።»

«እርስዎ ሥራዎ ስለተነካ ነው እንዲህ የሚሉት።»

ግማሹ እውነት ነበር።

«አክስቴ አበባ ሳታስቀምጥለት ከተቃጠለ አባዬ እንዴት ይሄዳል?» አለች ደግሞ፣ አሁን ድምፅዋ ተሰብሮ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስትረግመው ኖራለች። ይህን ስትሰማ ግን ታስቀምጥለታለች። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ያን ጊዜ እውነቱን ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ምያለሁ። ደግሞም ለራሴ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራሽውን ማሽን ቢሠራው ምን አስቆጣሽ፣ አሮጊቷ አበባውን ታስቀምጥ፣ ልጅቷ ትረፍ» አልኩ። ዝም አልኩ። እስከሚቃጠልበት እስከ እሑድ፣ ሁለቱን ቀን ለዳራኒ አልደወልኩላትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ መቅደሱ ግቢ ሞላ። የባቡር ሠራተኞች ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል። ሣጥኑ ማቃጠያው ደረጃ አናት ላይ በነጭ አበባ ተከቧል። ከሥር ዳሱ ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ የሩዝ ሾርባው በትሪ ይዞራል። እኔ በሩ አጠገብ የሰንደሉን አበባ የማድል ነኝ።

ቻሉዋይ ከባቡር ወርዳ በእግሯ መጣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በከዘራ ነው የምትሄደው፣ ጀርባዋ ግን አልጎበጠም። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ። ፊት ለፊቴ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ራምፋይ ነሽ? አንቺም አረጀሽ ማለት ነው።»

«አረጀሁ፣ እትዬ። ወደ ፊት ይለፉ፤ የቤተሰብ ቦታ ከፊት ነው።»

«እዚሁ ይሻለኛል። እኔ የመጣሁት ሲቃጠል ለማየት ነው። እሱን አበባሽን ደግሞ ወደዚያ አድርጊው፤ አልቀበልሽም።»

የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከዘራዋን ጉልበቷ መሐል አቁማ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያያታል። እሷ ማንንም አታይም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሥነ ሥርዓቱን የሚመራው ቡንሉ ማይክራፎኑን ነፋ ነፋ አድርጎ «የጋሽ ፕራዮንግን ታሪክ ዛሬ ከራሱ አንደበት እንሰማለን» አለ። ድምፁ ከማጉያው ሲወጣ ሕዝቡ ጸጥ አለ። አንዳንዱ እጁን ደረቱ ላይ ገጠመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጣፋጭ ሻጭ ጎንበስ ብላ «ናፓ የምትባለው የማን ልጅ ናት? አነጋገሯ ደስ ይላል። ባል አላት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የማንም ልጅ አይደለችም» አልኳት። «አይ፣ ወላጅ የላትም? ምስኪን» አለችና ተመልሳ መስማት ጀመረች።

ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። «ውድ እህቴ ቻሉዋይ» ሲል ዳሱ ውስጥ ያለው አንገት ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። «ጎርፉ ይዞሽ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» ሲል ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ደንብ ልብስ የለበሱት ወንዶች እንኳ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። እኔ የማየው ቻሉዋይን ነው። ትለሰልሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ አመድ መሰለ።

ቀረጻው ሲያልቅ ዳራኒ ከፊት ተነሥታ በሁለት እጇ አንድ የሰንደል አበባ ይዛ መጣችና አክስቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «አክስቴ፣ ሰሙት? ይቅርታ ጠየቀዎት እኮ። እባክዎ ይቀበሉኝ።»

ቻሉዋይ አበባውን አልነካችም። ተነሣች፣ በልጅቷ አጠገብ አልፋ ከዳሱ ወጣች። ከኋላዋ ጉርምርምታ ተነሣ። «ድንጋይ ናት» አለ አንዱ፣ ጮክ ብሎ። ዳራኒ አበባውን እንደያዘች እዚያው ቀረች። እኔ ትሪዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ማንጎው ዛፍ ሥር፣ ከቆሙት መኪናዎች አንዱን ተደግፋ አገኘኋት። ትንፋሽ አጥሯታል። «ውኃ ላምጣ?» ስላት ራሷን ነቀነቀች።

«ምንድን ነው ያለው? ጎርፉ ይዞሽ ነበር ነው ያለው?»

«እሱ አይደለም ያለው፣ እትዬ። ማሽን ነው።»

«ድምፁ የእሱ ነው።»

«ድምፁ የእሱ ነው። ቃሉ የእሱ አይደለም።»

«ከመሞቱ በፊት አብረሽው የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ አሉ።» ክንዴን ያዘችኝ፤ አያያዟ ያማል። «እንዲህ ብሎሻል? ጎርፍ ይዟት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎሻል?»

አዎ ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። እሷ አበባውን ታነሣለች፣ ዳራኒ ታርፋለች፣ ሕዝቡ «እንዴት ያለ ቀን» እያለ ሾርባውን ይጠጣል። የእኔ ሥራ ይኸው አይደል? ግን ዓይኗን አየሁ። አዎ በይኝ የሚል ዓይን አልነበረም። ፈርታ ነበር። ወንድሜ የዋሸሁትን አምኖ፣ ራሱን እየወቀሰ ሞተ ብላ ነው የፈራችው። ይህን ስረዳ ለጋሽ ፕራዮንግ የማልኩለትን መሐላ ማፍረስ እንዳለብኝ ገባኝ፤ ለእሷ ብሎ አስማለኝ፣ ለእሷው ስል አፈረስኩት።

«አላለም» አልኳት።

«ምን አለ?»

«እንዳልጽፈው አስምሎኛል።»

«አትጻፊው። ንገሪኝ።»

«ስለ አግዳሚው ወንበር ነገረኝ።»

የቱ ወንበር አላለችም። እጇ ከክንዴ ወረደ። ዳሱ ውስጥ ቡንሉ ስለ አበባው ቅደም ተከተል ይናገራል፤ ማን እንደሚቀድም፣ በየት በኩል እንደሚወጣ። እሷ ጆሮ አልሰጠችውም።

«ማን ነገረው?»

«የጣቢያችሁ ኃላፊ። ማክሰኞ ማታ በባቡሩ ስልክ።»

«እሳቱን ከመለኮሱ በፊት ያውቅ ነበር ማለት ነው።»

«ያውቅ ነበር።»

«አጥንት ሲለቅም መጥቼ ያን ሁሉ ስናገረውም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ እትዬ። በሰው ፊት አላዋርዳትም ብሎ ነው። እህቴ ናት አለኝ።»

የማንጎው ሥር ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያወራችው ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። «ሁለት ቀን ነው የተቀመጥኩት። ባቡሩ ሲመጣ እነሣለሁ፤ እግሬ እንቢ ይላል። ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም። ታማለች ሲሉኝ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ነገ። ፊቷ ምን ሆኖ እንደሚጠብቀኝ ፈራሁ። ሐሙስ ማታ ተቃጠለች ሲሉኝ ነው እግሬ የታዘዘልኝ። ዓርብ ጠዋት አጥንቷ ነጭ ሆኖ ሳየው… እፎይ ነው ያልኩት፣ ራምፋይ። መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ከዚያ በራሴ ደነገጥኩና በእሱ ላይ ጮህኩ። ጎርፍ ጎርፍ እያልኩ ስኖር እኔም አመንኩት።»

ጀርባዋን ዳበስኩ። አለቀስኩም፤ ለእሱ ነው ያለቀስኩት።

«ዛሬ ደግሞ ይሄ ማሽን እሱ ከሞተም በኋላ በእሱው ላይ አላከከው» አለችና ከዘራዋን ፈለገች። «አስነሺኝ።»

ወደ አበባው የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቡንሉ ጋ ሄደችና እጇን ዘረጋች። ቡንሉ በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ዳራኒ አየ፣ ከዚያ ማይክራፎኑን ሰጣት። ሁለት እጇን አጣምራ ለመነኮሳቱ ሰገደች። ቀና ብላ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«እኔ ቻሉዋይ ነኝ፣ የፕራዮንግ እህት» አለች። ማጉያው ድምፅዋን አጎላው፤ ከሚገባው በላይ። «አሁን የሰማችሁት ወንድሜ አይደለም። ወንድሜ ውሸት አይናገርም። ጎርፍ አልያዘኝም። ባቡሩ ይሄድ ነበር። ትኬት ቆርጬ ጣቢያ ተቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ ባቡር አሳለፍኩ። እናቴን ማየት የፈራሁት እኔ ነኝ። እሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ ለእኔ ብሎ ሠላሳ አንድ ዓመት ስድብ ጠጣ። ጨካኝ ያላችሁት ሁሉ፣ እኔ ነኝ ያስባልኩት። አበባ ስታስቀምጡ ይቅርታ ጠይቁት።»

ማይክራፎኑን ለቡንሉ መለሰች። ማራገቢያዎቹ ብቻ ይዞራሉ። ከደንብ ለባሾቹ አንዱ፣ ሽማግሌ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ዳራኒ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከች ናት፤ አክስቷን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣም ነበር። ሁለት ቀን ዝም ብዬ ልጅቷን በዚህ ሕዝብ ፊት እንዳጋለጥኳት ገባኝ፤ አፈርኩ። የእኔ ይቅርታ ገና ይጠበቃል።

ሕዝቡ አንድ በአንድ እየወጣ አበባውን አስቀመጠ። ከወትሮው ይቆያሉ፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ታይዋለሽ። «ድንጋይ ናት» ያለው ሰውዬ ደረጃው ላይ ሦስቴ ሰገደ። ቻሉዋይ የመጨረሻዋ ሆና በእኔ ክንድ ተደግፋ ወጣች። ጉልበቷ በየደረጃው ያቆማታል። ዳራኒ ከላይ ትጠብቃታለች።

አቃጣዩ ሣጥኑን ሊገፋው እጁን ጭኖ ነበር። «ክፈተው» አለችው። በእኛ ዘንድ ከእሳቱ በፊት ሣጥኑ ተከፍቶ የሟቹ ፊት በኮኮናት ውኃ ይታጠባል፤ የሥጋ ዘመድ ነው የሚያጥበው። ዳራኒ ቀድታ የያዘችውን የኮኮናት ውኃ ለአክስቷ አሳለፈችላት። ክዳኑ ሲነሣ ቻሉዋይ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ። ከዚያ ገለጠችው።

አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። በሽታው አክስቶታል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ውኃውን ከግንባሩ ጀምራ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችና በጣቷ ቅንድቡን አስተካከለችለት።

«ፕራዮንግ» አለችው። «ብትጠብቀኝም አልመጣም ነበር። ይቅር በለኝ።»

አበባውን ደረቱ ላይ አኖረች። አቃጣዩ ሊከድን ሲል እጇን አነሣች፤ ገና አልጠገበችም። ከታች ቡንሉ ሰዓቱን እያሳየ ዐሥር ሰዓት ማለፉን በምልክት ነገረን፤ መነኮሳቱም ቆመዋል። ዳራኒ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ታች ጎንበስ አለችና «አክስቴ እስክትጨርስ አይለኮስም» አለችው።

ሁላችንም ጠበቅናት።